ሪሴፕተር ያላት የእድር አባል

«ሳሉን ከመጠለያ ተሸክማ ያመጣችብን እሷ ናት። ዛሬ ስብሰባው ላይ ስሟ ይሰረዛል፣ አለቀ» አለ ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲያ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ወገኔ። ሹክ ማለቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰፈሩን በጥሩምባ ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው ግን ሹክሹክታውም ሦስት ግቢ ያዳርሳል። ንጋቷ ከአጥሩ ወዲህ ቢጫ ጄሪካኗን ቧንቧ ሥር ደቅና ቆማለች። ቧንቧው በሌሊቱ ውርጭ ደርቆ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ፣ እንደ ወትሮው ቢፈስ ኖሮ ከውሃው ድምፅ የተነሳ ምንም ባልሰማች። አከራይዋ እትዬ ገነት ከወገኔ ጋር ቆመው «እኔማ እዚሁ ግቢዬ አስቀምጬ፣ እግዚአብሔር ጠብቆኝ ነው እንጂ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ረጅም ሳል ሳሉ። ወገኔም አብሯቸው ሳለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞሩ፤ ሽንኩርት እንዲህ ከሆነ ሰው ምን ሊበላ ነው ተባባሉ። የእሷ ከእድር መሰረዝ ከሽንኩርት ያነሰ ወሬ መሆኑ ንጋቷን አናደዳት፤ ደግሞም ፈራች። ከንዴቱ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት ያረፉ ጊዜ ነው። እድሩ ድንኳን ጣለ። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ለቀስተኛው ንፋስ እንዳይገባበት ብሎ የድንኳኑን መጋረጃ ግጥም አድርጎ ዘጋ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ወተፈ፣ ከዚያም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰነበተ። ንጋቷ በእነዚያ ቀናት ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠችው ጥቂት ነው። አዲስ አባል ስለሆነች ምድጃው ለእሷ ተሰጥቷት፣ ከድንኳኑ ጀርባ እርጥብ ኩበት እፍ ስትልና ወጥ ስታማስል ነበር የዋለችው። በዚያ ጭስ ሳለች። ሳህን ይዛ ስትገባም ሳለች። ሳምንቱ ሳይሞላ ሰፈሩ እንዳለ ማሳል ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሲስል የሰማው ማንን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ ሁሉም ያስታወሰው ደግሞ ሳህን ይዛ የገባችውን ሴት ነው። ሳሏ የኩበት ይሁን የጉንፋን የጠየቀ የለም። ከምዕራብ ተፈናቅላ የመጣች፣ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ በሸራ ሥር የኖረች ሴት አንድ ቀን የሆነ ነገር ይዛብን ትመጣለች ብሎ ሰፈሩ የወሰነው ገና ቤት የተከራየች ዕለት ነው። የዘገየው ማስረጃው ብቻ ነበር።

ጄሪካኑን ግማሽ አድርሳ ወደ ክፍሏ ገባች። ያለቻት አንዲት ክፍል ናት። የጭቃው ግድግዳ እንዳይነፍስበት ዙሪያውን የቴሌቪዥንና የዘይት ካርቶን ተለጥፎበታል፤ ንጋቷ ቴሌቪዥን ኖሯት አያውቅም፣ ካርቶኑ ግን አላት። አልጋው ላይ አባቷ አቶ ኪዳነ ማርያም ሁለት ግራጫ ብርድ ልብስ ደርበው፣ የሱፍ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ ሌሊትም ቀንም እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብለው ነው የሚያሳልፉት። እግራቸው አብጧል። ሐኪሙ የልብ ነው ብሏል። አንድ ቀን ሻል ይላቸዋል፣ አንድ ቀን ይብስባቸዋል፤ ዛሬ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከመጠለያ ከወጡ ወዲህ ልጃቸውን የለመኗት አንድ ነገር ነው፤ እድር ግቢ። ሌላ ምንም አልጠየቁም፣ ሲያማቸው እንኳ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብለው አያውቁም። ሚስታቸውን፣ የንጋቷን እናት፣ በሽሽቱ መንገድ ዳር ነው የቀበሯቸው። ድንኳን የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ ንጋቷን እቅፍ አድርጎ አይዞሽ የሚል ሰው የለ። አፈሩን መልሰው ተነሡና መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ለማልቀስ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። በመካከላቸው ስለ ኩበት፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ብርድ ይወራል፤ እናትየው አይነሱም። ንጋቷ በስንት ምልጃ እድር የገባችው ግን ለእሳቸው እንደዚያ እንዳይሆንባቸው ነው። ዛሬ ስሟ ቢሰረዝ ማን ይቆፍራል፣ ማን ይሸከማል፣ ማን ያለቅሳል?

«ምን ይላል ያ ሰውዬ?» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«የስብሰባውን ሰዓት ነው አባዬ።»

«አታርፍጂ። አዲስ ገቢ ሲያረፍድ ሰው ይታዘባል።»

ንጋቷ ገንፎ ቢጤ አገነፋችላቸው፤ ሁለቴ ቀምሰው መለሱላት። ትተዋቸው መሄድ አልፈለገችም፤ አለመሄድም አልቻለችም። ደጋግማ ነጠላዋን ትለብሳለች፣ ደጋግማ ታወልቃለች። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና የእትዬ ገነት ልጅ ህሊና ብቅ አለች። ህሊና ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምታጠና፣ ስትናገር እጇን በጣም የምታወናጭፍ ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ የተማረችውን መልሳ ለሰፈሩ ካላስተማረች እንቅልፍ አይወስዳትም። እናቷና ወገኔ ሲነጋገሩ እሷም ሰምታ ኖሯል፤ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። «እትዬ ንጋቷ፣ አታስቢ። ስብሰባው ላይ መጥቼ ሳይንሱን አስረዳቸዋለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቫይረስ እንዲሁ ሰው ላይ ዘሎ አይገባም እኮ። ሴሎቻችን ላይ ሪሴፕተር የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ባይኖር ቫይረሱ ደጅ ቆሞ ይቀራል» አለችና ሁለት ጣቷን እንደ መንጠቆ አጠላልፋ አሳየቻት። ንጋቷ ከዚህ ሁሉ የያዘችው ጥፋቱ ያንቺ አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። እሱ በቂዋ ነበር። የተማረ ሰው ይህን ቆሞ ከተናገረላት ማን ይቃወማል ብላ፣ የአባቷን ብርድ ልብስ አስተካክላ፣ ውሃ በኩባያ አጠገባቸው አስቀምጣ ወጣች።

እሑድ ስለሆነ መንገዱ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ነጭ ለባሾች ተሞልቷል። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይ አለች፣ ብርዱ ግን ፀሐይዋን ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ከመዘዞ በኩል በግ ጭኖ የመጣ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ገዢና ሻጭ የበጉን ላት እየመዘኑ ይከራከራሉ፤ ገዢው በሳቀ ቁጥር ይስላል፣ ሻጩ በማለ ቁጥር ይስላል። ባጃጁ ውስጥ የተሳፈሩት ሴቶች ንፋስ እንዳይመታቸው የላስቲኩን መጋረጃ አውርደው፣ አራት ሆነው በአንድ ወንበር ተደራርበው ይስላሉ። ከተማው በሙሉ እየሳለ እሷ ብቻ መከሰሷ ንጋቷን አስገረማት። የአሁኑ ሳል እንኳ ይዟት እንደሆነ በደንብ አታውቅም፤ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፣ ኩበት የሚያነድድ ሰው ጉሮሮ ደግሞ መቼም ይከረከራል። ለማንኛውም አፏን በነጠላዋ አፍና፣ በዛሬው ቀን እንዳልስል አደራህን እያለች ፈጣሪዋን ለመነች።

የእድሩ ቤት ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የሚበርድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጥግ ላይ የተጠቀለለው ድንኳን፣ ሰው ሊያስቀምጡ የሚችሉ ድስቶች፣ ቃሬዛው፣ አግዳሚዎቹ አሉ። አባላቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። በሩ ብርድ እንዳይገባ ተዘግቷል። ሰብሳቢው አቶ ኃይለኢየሱስ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ጠብ የማይወዱ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ሐሳብ ትክክል የሚመስላቸው ሰው ናቸው። ከጎናቸው ጸሐፊው አቶ ብርሃነ መስቀል ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በነገረ ፈጅነት ስለሠሩ ዛሬም ከጋቢው ሥር ክራቫት ያስራሉ፣ ሰላምታ ሲሰጧቸው እንኳ መልሱን በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ከፍለው ነው የሚመልሱት። የመጀመሪያው አጀንዳ የጠፋው የትልቁ ድስት ክዳን ነበር። ክዳኑ የት እንደታየ፣ ማን እንዳየው፣ ባይጠፋ ኖሮ ወጡ ያኔ ጭስ ጭስ ይል እንደነበር ወይም እንዳልነበር ሲነገር ብዙ ቆየ። ንጋቷ ኋላ ተቀምጣ አባቷን ታስባለች። ውሃውን አንስተው መጠጣት ችለው ይሆን? በየመሀሉ አዳራሹ በሳል ይናጋል፤ ሰው እንደገና ዝም ሲል ስለ ክዳኑ ይቀጥላል። በመጨረሻ አቶ ኃይለኢየሱስ «ሁለተኛው አጀንዳ ሳሉ ነው» ብለው ራሳቸው ሳሉና ንግግሩን ለአቶ ብርሃነ መስቀል አስተላለፉ።

አቶ ብርሃነ መስቀል ተነሥተው፣ አዲሷ አባል በእድሩ አባላት ጤና ላይ ጉዳት ስላደረሰች እንድትሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ሁለት ሰው ደገፈው። ያን ጊዜ ህሊና በሩን ከፍታ ገባች፤ ሰው ሁሉ «በሩን፣ በሩን» አላት፤ ዘጋችና ለማስረዳት ፈቃድ ጠየቀች። ልጅ ናት ቢባልም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ስለሆነች ተፈቀደላት። እጇን እያወናጨፈች ነገረቻቸው። ቫይረስ ማለት በራሱ አይራመድም፣ አይበላም፣ ሕይወት አለው ለማለትም ያስቸግራል አለች። የአፍንጫችንና የሳንባችን ሴሎች ግን ከላይ፣ ገጻቸው ላይ፣ ሪሴፕተር የሚባሉ ነገሮች አሏቸው። እነሱ ለቫይረሱ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፣ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ኮሮና የሚይዘው ለምሳሌ የደም ግፊትን ለመቆጣጠር የሚያግዘውን ፕሮቲን ነው፤ ኢንፍሉዌንዛው ደግሞ ሴሉ ላይ ያለ ስኳር መሰል ነገር ይይዛል። ቫይረሱ በላዩ ባለው እሾህ መሰል ነገር ያን ጨበጥ ያደርጋል፤ ከገጠመለት ሴሉ ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ካልገጠመለት ግን ውጭ ይቀራል። «ስለዚህ እትዬ ንጋቷ ላይ ማሳበብ ትክክል አይደለም» ብላ ጨረሰች።

አቶ ብርሃነ መስቀል ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ። እንዲህ ያለ ምስክር ካገኙ ብዙ ዘመናቸው ነው።

«ወደ ውስጥ የሚስበው ማን ነው አልሽ?»

«ሴሉ።»

«ሴሉ የማን ነው? የሳለው ሰው ነው ወይስ የተሳለበት?»

«የተሳለበት ሰው።»

«ይህ ሪሴፕተር ያልሽው ነገርስ የማን ነው?»

«የእሱው ነው።»

«እንግዲህ ተበዳይ ነኝ የሚለው ሰው በገዛ ገላው ላይ መጨበጫ አብጅቶ፣ ደጅ ላይ የመጣውን በራሱ ጎትቶ አስገብቷል ማለት ነው። አዎ ወይስ አይደለም?»

«አዎ፤ ግን እኮ...»

«ይበቃል። ይመዘገባል» አሉና ራሳቸው መዘገቡት።

ከዚያ አግዳሚዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተጎጂ ሆኖ የመጣ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተጠርጣሪ ሆነ። ማን ጎትቶ አስገባ? ማንስ አስገብቶ ለጎረቤቱ አቀበለ? ሰው ጎን ለጎን የተቀመጠውን ባልንጀራውን በዓይኑ ጥግ ይመረምር ጀመር። መጀመሪያ የተነሡት እትዬ ገነት ናቸው። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር የለኝም። ገና ሳይመሽ በሬን ቆልፌ የማድር ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቀኛል» አሉ። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ፣ ግፊት እንዳለባቸው ነገር ግን መድኃኒታቸውን አንድ ቀን አቋርጠው እንደማያውቁ፣ ስለዚህ የተባለው ፕሮቲን እሳቸው ዘንድ ሊኖር እንደማይችል ተናገሩ። አንድ ሌላ ሰው ባለፈው ወር ስኳር ተመርምሮ ነፃ መባሉን ገልጾ ወረቀቱን ከቤት ላምጣ አለ። ህሊና ግራ ገባት። ሪሴፕተር የሌለው ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ያለ እነሱ መኖር እንደማይቻል፣ ማፈሪያም እንዳልሆኑ ልታስረዳ ብትሞክር እናቷ ከአግዳሚው ብድግ ብለው «አንቺ የሰውን ገላ ምን አውቀሽ? ሰው እንደዚህ ነው ተብሎ ይፈረዳል?» ብለው አስቀመጧት። ልጅቷ እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ እናቷ ግን አላየኋትም ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አቶ ኃይለኢየሱስ ምሳ ሰዓት መድረሱን ከሆዳቸው አውቀው፣ ነገሩ በእጅ ማውጣት ይለይ አሉ። «ሪሴፕተር ያለው እጁን ያውጣ።» ማንም አላወጣም። «የሌለው?» ሲሉ የአዳራሹ እጅ ሁሉ ከየጋቢው ሥር ብቅ ብቅ አለ። ሰብሳቢውም የራሳቸውን አወጡ። አቶ ብርሃነ መስቀልም ቆጠራውን ላለማዛባት ብለው በግራ እጃቸው አወጡ፤ ቀኙ ይጽፋል። ከንጋቷ ሌላ እጁን ያላወጣው የአልዩ አምባው ተወላጅ ባለሱቅ ሰላሀዲን ነበር። ደጋው ከቆላ ለመጣ ሰው አይስማማውምና ከማንም በፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ለቅሶም በፊት ሲስል የከረመ ነው። «የማላውቀውን ነገር የለኝም ብዬ እጄን አላወጣም፤ ነገ አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ» አለ። ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተመዘገበለት። ከዚህ በኋላ በአዳራሹ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሳል ማስረጃ ሊሆን መሆኑ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ታሰበውና ማንም የማይስል ሆነ። ሰው ትንፋሹን ያዘ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ጋቢው ሥር ደረቱ ይንፈራገጣል፣ ፊቱ ግን ጨዋ ነው። አንድ ወጣት ሊያመልጠው ሲል መሐረቡን አፉ ውስጥ ጨመረ።

ንጋቷ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ሳቋም ንዴቷም አልመጣላትም። የምታስበው የአባቷን የጠቆረ ከንፈር ነው። ተነሥታ እጇን አወጣች። «እኔ አለኝ» አለች። «ልጅቷ ሰው ሁሉ አለው ካለች እኔም ሰው ነኝ፤ ይኖረኛል። ብቻ ቶሎ ወስኑልኝና ልሂድ፤ አባቴን ብቻውን ነው ትቼው የመጣሁት።»

አቶ ብርሃነ መስቀል ብዕራቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። አንድ ሐሳብ መጥቶላቸው ነበር፤ ሐሳቡ የራሳቸውን ክስ የሚያፈርስ ቢሆንም በጣም ስላማራቸው ሊተውት አልቻሉም። «እንግዲህ ጉባኤው ይስማኝ» አሉ። «ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም፤ ከእሷ በቀር ያለው የእድሩ አባል ሪሴፕተር እንደሌለው በእጁ አረጋግጧል። ሪሴፕተር የሌለውን ሰው በሽታው ሊይዘው አይችልም፤ ምስክሯ ተናግራለች። ስለዚህ ከመካከላችን የተያዘ የለም። የተያዘ ከሌለ ጉዳት የለም። ጉዳት ከሌለ ክስ የለም።» ተቀመጡ። ከኋላ አንድ ሰው በታፈነ ድምፅ «ታዲያ ይሄ የሚያስለን ምንድን ነው?» ቢል፣ አቶ ኃይለኢየሱስ ምንም ሳያመነቱ «ብርድ ነው» አሉ። «ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» ተባለ፤ ወዲያው አዳራሹ ያፈነውን ሳል ሁሉ በእፎይታ ለቀቀው። ብርድ ከሆነ ማንም አይጠየቅበትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ደግ ነበር። እትዬ ገነት ግን እንደገና ተነሡ፤ ድምፃቸው አሁን የእህት ድምፅ ነበር። «እሷን ማን ይጠብቃታል? ካለነው ሁሉ ያለባት እሷ ብቻ ከሆነች፣ በሽታም የሚይዘው እሷን ብቻ ነው። ሰው እየጨበጠ እየሳመ ቢጎዳትስ? ኃላፊነቱ የእድሩ አይደለም ወይ?» አሉ። ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ንጋቷ በአባልነቷ እንድትቀጥል፣ ሆኖም ለራሷ ደኅንነት ሲባል ማንኛውም የእድር አባል እንዳይጨብጣት፣ እንዳይስማት፣ እንዳያቅፋት፣ በለቅሶም ሆነ በስብሰባ አጠገቧ እንዳይቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ህሊና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወጣች፤ በሩን ክፍት ትታ ስለወጣች ተንጫጩባት። ንጋቷ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስሜ አለ ወይ? አለ ተባለች። አይጨብጡኝ፣ ግድ የለም፤ ይቆፍራሉ፣ ይሸከማሉ አለች በሆዷ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሲለቅላት በመካከሉ አልፋ ወጣች፤ ውጭ ስትደርስ እየሮጠች ነበር።

አቶ ኪዳነ ማርያም እንደተወቻቸው ትራሱን ተደግፈው፣ ቆባቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። ውሃው አልተነካም። ንጋቷ ገና በሩ ላይ ሆና አውቃዋለች፤ ቢሆንም ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ስሜ አልተሰረዘም» አለቻቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ዘጋች፣ አገጫቸውን በነጠላዋ ቅዳጅ አሰረች፣ እግራቸውን ዘረጋች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሽ ሳያጥራቸው ተጋደሙ። ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አላት። ብቻዋን እንዴት እንደሚለቀስ የምታውቅ አልመሰላትም፤ በዚያ መንገድ ዳርም አላወቀችበትም ነበር። ወጥታ ለወገኔ ነገረችው። ወገኔ ቆቡን አወለቀ፣ ጥሩምባውን ሊያመጣ ሄደ።

የእድሩ ነገር እንዲህ ነው፤ በስብሰባ ላይ ክዳን ፈልጎ የሚያጣው እድር፣ ሰው ሲሞት ምንም አይጠፋውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ እትዬ ገነት ግቢ ውስጥ ቆመ፣ አግዳሚው መጣ፣ ድስቱ ተጣደ፣ ቄሱ ተጠሩ፣ ለነገው ቀብር ቆፋሪዎች ተመደቡ። ውሳኔውም ተከበረ። ለንጋቷ ከድንኳኑ ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ብቻዋን የምትቀመጥበት ፍራሽ ተነጠፈላት። ለቀስተኛው በአጠገቧ ሲያልፍ ከሩቅ ጎንበስ ይላል፣ ደረቱን ይነካል፣ ድንኳን ይገባና መጋረጃውን ይዘጋል። ድንኳኑ ሞላ። ሆኖም ለቅሶው አልጀመር አለ። ሟችን የሚያውቃቸው ሰው የለም፤ የሚለቀሰው ለልጃቸው ነበር፣ ልጃቸው ደግሞ ውጭ ናት። አልቃሽ ሴቶች ሁለት ጊዜ ጀመሩና ሁለት ጊዜ አቋረጡ። ማንን አይተው፣ ማን ላይ ተደፍተው ያልቅሱ? በሸራው ውስጥ ሳል ብቻ ይሰማል። ንጋቷ ጉልበቷን አቅፋ ሸራውን ትመለከታለች። አባቷ የተመኙት ሁሉ ተሟልቶላቸዋል፤ ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው መጥቷል። እሷ ግን አሁንም ያው መንገድ ዳር ያለች መሰላት፤ ከፋት፣ በጣም ከፋት።

መጋረጃው ተገለጠና አቶ ኃይለኢየሱስ ወጡ። ከፊቷ መጥተው ቆሙ። ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አዩ፣ ወደ አጥሩ አዩ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው መልሰው አወጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ያዙ፣ ወደ ደረታቸው አስጠጓት፣ በጆሮዋ «እኔም አለኝ» አሏት።

«ምንድን ነው ያለዎት ጋሼ?»

«ያ ነገር። ልጅቷ ያለችው። አለኝ። አደራ ለማንም እንዳትነግሪ» አሉና ፊታቸውን አስተካክለው ተመልሰው ገቡ።

ብዙም አልቆየ፣ እትዬ ገነት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንገቷ ሥር ገብተው በዚህም በዚያም ጉንጯን ሳሟት፤ ፊታቸው በትኩሳት ይነድዳል። «እኔም አለኝ እህቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ አትስማ» አሉ። ቀጥለው ግፊት ያለባቸው ሽማግሌ መጡ፤ ቀጥሎ ስኳር የተመረመረው መጣ። አንድ አንድ እያሉ፣ ሌላው እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ ይወጣሉ፣ ያቅፏታል፣ በጆሮዋ ያንኑ ይነግሯታል፣ እንዳልወጣ ሰው ሆነው ይመለሳሉ። ሰላሀዲን አላቀፋትም፤ ራቅ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «አላህ ያጽናሽ። እኔ እንኳ አስቀድሜም የለኝም አላልኩም» አለ።

በመጨረሻ አቶ ብርሃነ መስቀል መጡ። ክራቫታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተዋል። ከፊቷ ቆመው ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ የሚናገሩት በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ አልከፈል ብሏቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሲያቅፏት ከጠዋት ጀምሮ ያፈኑት ሳል ትከሻዋ ላይ አመለጣቸው፤ ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳሉ። ሳሉ ሲያልፍላቸው ጆሮዋን ፈልገው «አለኝ» አሉ። «ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም።»

ንጋቷ የአቶ ብርሃነ መስቀልን ጋቢ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና ጮኻ አለቀሰች። አባቷን ጠርታ አለቀሰች፣ እናቷንም በስማቸው ጠርታ አለቀሰች፤ ከዚያ መንገድ ወዲህ ስማቸውን ስትጠራ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ድምፅዋን ሲሰማ መጋረጃውን ገልጦ፣ እየሳለና እያለቀሰ፣ እላይዋ ላይ ተደፋ።